የሕፃኑ ድስት

ሁዳዴ ሲገባ የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል። ሾላ ገበያ ጎራ ማለት፣ ካልሆነም የሰፈሩን ባለሱቅ መጠየቅ ይበቃል። ወተትም እንደዚያው ነው። በሰላሌና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ላም የሚያልቡ ገበሬዎች በጾም ወራት ወተታቸውን የሚረከባቸው ያጣሉ። የተረፈውን እየናጡ ቅቤ ያወጣሉ፣ አይብ ያደርጋሉ፣ ፋሲካን ይጠብቃሉ። ከዚያ በመጨረሻዋ ሳምንት ሁሉም ነገር ተመልሶ ይሰቀላል።

ሰው ጾመ፣ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ይኼ ያለ ነው። ችግሩ ከገዢዎቹ መካከል ጾሙ የማይመለከተው አንድ ደንበኛም አብሮ መጥፋቱ ነው። የዘጠኝ ወር ሕፃን። የዓመት ከመንፈቅ ልጅ። እንቁላል በረከሰበት፣ ወተት በተትረፈረፈበት ሰሞን እሱ ከሁለቱም ይለያያል።

በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ልጅ ጾም የሚጀምረው ሰባት ዓመት ሲሆነው ነው። ይህን የማያውቅ ምእመን እስካሁን አላጋጠመኝም። «ሕፃን አይጾምም» ሲባል ሁሉም «እንዴታ!» ይላል። ሕፃኑ ግን ይጾማል። ማንም ጹም ሳይለው፣ ድስቱ ስለጾመ ይጾማል።

የቅበላ ሰሞን የአንድ ወጥ ቤትን ሁኔታ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የመጨረሻው ሥጋ ይበላል፤ በማግስቱ ድስቱ፣ ማማሰያው፣ ጭልፋው፣ መክተፊያው ሳይቀር በሙቅ ውሃ ይታሻል። የቅቤው ዕቃ ጓዳ ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍስክ ነገር የነካው ዕቃ «ተነካክቷል» ይባላል፣ በእሱ የተሠራም አይቀመስም። ሁለት ድስት ብቻ ያላት እናት ለልጇ እንቁላል ልጥበስ ብትል የቤተሰቡን ሁሉ ጾም ያፈረሰች መስሎ ይሰማታል። አማትም ጎረቤትም ያያታል። ስለዚህ ልጁ ቤቱ ያለውን ይቀምሳል፦ አጥሚት፣ የሽሮ ፍትፍት፣ ዳቦ በሻይ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ነነዌንና ገሃድን ደምረን ምእመኑ በዓመት የሚጾመው ወደ 180 ቀን ገደማ ይሆናል። ሕፃን ከጡት በተጨማሪ ምግብ የሚጀምረው ስድስት ወር ሲሞላው ነው። ከዚያ እስከ ሁለት ዓመቱ ያለው 18 ወር ነው። በዚህ ስሌት ከ18 ወሩ 270 ቀን ያህሉ ጾም ላይ ይውላል። ግማሹ ማለት ነው።

ያ ግማሽ ደግሞ የማይመለስ ግማሽ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የእናት ጡት ብቻውን ለሕፃኑ የሚያስፈልገውን ብረትና ዚንክ አይሞላለትም። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ሽሮና ምስር ደግ ምግቦች ናቸው፣ እሱን ግን አይሰጡም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ በእህል ብቻ ጎደሎውን ይሙላ ቢባል ጠግቦ ይተወዋል። አንጎሉ በበኩሉ እየሮጠ ነው፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው በመጠን የአዋቂ አንጎል 80 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ የመሳሰለውን በየቀኑ እንዲያገኙ መክሯል። በየቀኑ ሲል ረቡዕና ዓርብንም ይጨምራል።

የእኛስ? በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በዚህ ዕድሜ ካሉ ሕፃናት ውስጥ በዓይነትም በድግግሞሽም በቂ የሆነ ምግብ ያገኙትን ከመቶ 7 ብቻ አድርጓቸዋል። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ከመቶ 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በአማራ ክልል 46 ነበር፤ ጤፍና በቆሎ ጭነው ለገበያ የሚያወጡ ወረዳዎች ባሉበት ክልል። ጾሙ ብቻውን ይህን አመጣ እያልኩ አይደለም። በአፋርም በዚያው ጥናት 41 ነው፤ እዚያ ሁዳዴ የለም። ድህነቱ አለ፣ ድርቁ አለ፣ ንጹሕ ውሃ ማጣቱ አለ፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ አለ። እነዚህ ግን ዓመታትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው። የድስቱ ነገር የሚጠይቀው አንድ ድስት ነው።

ባለፈው ሁዳዴ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ የአሥር ወር ወንድ ልጅ አላት፤ ሳቂታ፣ ሰው ሲያይ እጁን የሚዘረጋ። ዛሬ ምን በላ አልኳት።

«አጥሚት ጠጣ። ትንሽ ፍትፍትም ቀመሰ።»

«እንቁላልስ?»

ወደ እናቷ ዞር አለች። አክስቴ፣ እኛ እቴቴ ነው የምንላቸው፣ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ መለሱልኝ። «እንቁላሉማ አለ ልጄ፤ ቄቦቹ እየጣሉ ነው። በምን ይሠራል? በዚህ በጾም ድስት?» ከዚያ ለልጁ ተከራከሩለት። «ደግሞ ምንም አልሆነም። የጤና ባለሙያዋ ክንዱን ለክታ አረንጓዴ ነው ብላናለች።»

አረንጓዴው እውነት ነው። ያቺ የክንድ መለኪያ 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስትሆን አረንጓዴ ታሳያለች። የምትለካው ግን መክሳትን ነው፤ ቁመትን አይደለም። የቀነጨረ ልጅ ክንዱ ሙሉ፣ ጉንጩ ድቡልቡል ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ ውስጥ ሁሉም ልጅ አጭር ከሆነ ደግሞ አጭር የሚባል አይኖርም፤ «እንደ አባቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። መቀንጨር ቁጣ የማያስነሳው ለዚህ ይመስለኛል። ረሃብ ይጮኻል፣ ይኼኛው ዝም ብሎ ትምህርት ቤት ድረስ ይሄዳል።

«ተቀቅሎስ እቴቴ? ቅርፊቱ ውስጥ ነው እኮ የሚበስለው፤ ድስቱን አይነካውም።»

«ቢፈነዳስ?»

መልስ አጣሁ። እንቁላል አንዳንዴ ይፈነዳል። እሳቸው ግን ነገሩን ማሰላሰል ጀምረው ነበር። ጓዳ ገቡና እጀታዋ የወለቀ ትንሽ ድስት ይዘው ወጡ። «ይህቺ የሱ ትሁን» አሉ። «በረንዳ ላይ ነው የምትቀመጠው። ከኔ ዕቃ ጋር እንዳትታጠብ፤ ማጠቢያዋም ለብቻ ይሁን።» ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ድስቷን ተቀበለች። ልብ በሉ፣ እቴቴ ሕጋቸውን አላላሉም። ጾማቸው እንዳለ ነው፣ ድስታቸውም ንጹሕ ነው። የልጅ ልጃቸውም እንቁላሉን በላ።

አንድ እንቁላል ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ የሚል አይጠፋም። በኢኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር ለሆናቸው ሕፃናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል ተሰጥቶ፣ የመቀንጨር ሥርጭቱ በ47 ከመቶ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት አሳይቷል። ማላዊ ላይ ሲደገም ግን በቁመት ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የዚያ አካባቢ ልጆች ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ የነበረ መሆኑ ነው። ስለዚህ እንቁላል ተአምር አይደለም፤ ምንም ለሌለው ልጅ ግን ትልቅ ነገር ነው። የእኛ የደጋ ልጅ በሁዳዴ ዓሣ የለውም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው፤ እሱ ከተነሳ ይህ ዓምድ አይበቃንም።)

እንቁላሉ ጭራሽ የሌለበት ቤት ብዙ ነው። ዶሮዋ የጣለችው ለጨው፣ ለቡና፣ ለደብተር መግዣ ይሸጣል። ለእንዲህ ያለው ቤት ስለ ድስት መስበክ ስድብ ነው፤ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን አጠፋለሁ ብሎ ቃል የገባው ለእነዚህ ነው፤ ቃሉን ሊጠየቅበትም ይገባል። እኔ አሁን የማወራው እንቁላሉ ኖሮት ልጁን ስለማያበላው ቤት ነው። በከተማም ሞልቷል። ፍሪጅ ያለው፣ ደመወዝ ያለው፣ ልጁን ለሞግዚት ትቶ ወደ ሥራ የሚሮጥ ቤት። እዚያ ደግሞ ሞግዚቷ ራሷ ትጾማለች፤ አሠሪዋ «ለሱ እንቁላል ሥሪለት» ብላ ካልነገረቻት፣ በየትኛው ዕቃ እንደምትሠራም ካላሳየቻት፣ ከራሷ ሽሮ ታካፍለዋለች። ጥፋት የላትም።

የሕፃኑ ድስት ሌላም ጥቅም አላት። ልጁ ድስት ካለው ሳህንም ይኖረዋል። በአንድ ትሪ ከታላላቆቹ ጋር የሚቀርብ የዓመት ልጅ ተሻምቶ አይበላም፤ ምን ያህል እንደበላም የሚያውቅ የለም። ለብቻው ሲቀርብለት ግን እናቲቱ የተረፈውን ታያለች፣ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ታጎርሰዋለች፣ «አም በል፣ ጎበዝ!» ትለዋለች። እሱም በቋንቋው ይመልስላታል። አእምሮ የሚያድገው በምግቡ ብቻ ሳይሆን በዚህ ወሬም ነው። ገንፎውም ወፈር ይበል፤ ከማንኪያው ላይ ወርዶ የሚፈስ ከሆነ ያው አብዛኛው ውሃ ነው። ከዘጠኝ ወሩ ጀምሮ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይብላ፣ በመሐል መክሰስ ቢጨመርለት ደግ ነው።

የምታጠባዋን እናት ጉዳይ ለንስሐ አባቷ ብተወው እመርጣለሁ፤ እኔ የምፈታው አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በጡቷ ውስጥ ያለው የቢ12 መጠን እሷ ከምትበላው ጋር አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል። ንስሐ አባቷን ስትጠይቅ ይህንንም ትንገራቸው። ብዙዎቹ እናቶች ግን ሳይጠይቁ ነው የሚጾሙት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን «ለልጅሽ እንቁላል ስጪው» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕልም አይቻለሁ፤ እንቁላል፣ ካሮት፣ ወተት፣ ፈገግ ያለች እናት። በሥዕሉ ላይ የሌለው ቀኑ ነው። ረቡዕ ይሁን ሐሙስ አይናገርም። እናቲቱም ለራሷ «ለፍስክ ቀን ነው» ብላ ተርጉማው ትሄዳለች። ባለሙያዋ በጾሙ ላይ የተናገረች እንዳይመስልባት ትፈራለች፣ ካህኑ ደግሞ የምግብ ነገር የሐኪም ሥራ ነው ብለው ይተዉታል። በሁለቱ ዝምታ መካከል ልጁ ይጾማል። በአማራ ክልል ካህናት ይህንኑ እንዲያስተምሩ የተሞከረበት ጊዜ አለ፤ ጥሩ ጅምር ነበር። ነገር ግን በየአጥቢያው፣ በየዓመቱ፣ ጾም በገባ ቁጥር የሚባል ነገር ሊሆን ይገባዋል እንጂ ሥልጠና ሲኖር ብቻ የሚነሳ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ልመናዬ ለካህናት አባቶቻችን ነው። አዲስ ሥርዓት አውጡ አንላችሁም፤ ያለውን ጮክ ብላችሁ ንገሩን። በቅበላው እሑድ ከስብከቱ በኋላ፣ ጉባኤው ከመበተኑ በፊት፣ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንቁላልና ወተት እንዲሰጠው፣ ለእሱም የተለየ ዕቃ እንዲያዝለት፣ ይህን ያደረገች እናት ጾም አፍራሽ እንዳልሆነች በዐውደ ምሕረቱ ላይ ተናገሩ። አማቶችም ባሉበት ይሁን። አባወራዎች ደግሞ፣ ድስቷን እናንተ ግዙ፤ ትንሿ ትበቃለች።