ጉልቻው ሲቀየር ለበላተኛው ይነገረው!

አበው "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ሲሉ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አላዩም። ቢያዩ ኖሮ ተረቱን ትንሽ ያሻሽሉት ነበር እላለሁ። በድራማው ዓለም ጉልቻው ተለዋውጦ ወጡ የጣፈጠበት ጊዜ አለ፤ ጨርሶ ያረረበትም አለ። የእኔ ጠብ ግን ከጣዕሙ ጋር አይደለም። ጠቤ ጉልቻውን ሌሊት ቀይረው፣ ጠዋት "ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ዝም ብለህ ብላ!" ከሚሉን ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ተዋናይ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ዓመት ሁለት ዓመት ቤታችን ይገባል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ትተን በድራማው ስም እንጠራዋለን፤ መንገድ ላይ ብናገኘውም በዚያው ስም ነው የምንጮህበት። አንድ ቀን በሩ ይከፈትና በእሱ ስም የሚጠራ፣ የእሱን ሚስት "ውዴ" የሚል ሌላ ሰውዬ ይገባል። ሚስቲቱ አትደነግጥም። ልጆቹም አይደነግጡም። የደነገጥነው እኛ ብቻ!

አሜሪካኖቹ በዚህ ጨዋታ የቆዩ ናቸው። በተለይ እነዚያ የሳሙና ፋብሪካዎች በማስታወቂያ ገንዘብ ስላቆሟቸው "ሶፕ ኦፔራ" የሚባል ስም የወጣላቸው የቀን ድራማዎች። በየቀኑ የሚተላለፍ ነገር ተዋናይ ታመመ፣ ኮንትራቱ አለቀ፣ ወደ ሲኒማ ኮበለለ ተብሎ አይቆምም። ስለዚህ ዘዴ አበጁ። አዲሱ ሰው ብቅ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ "የእገሌን ቦታ የሚጫወተው ከእንግዲህ እገሌ ነው" ይላል። አለቀ! ተመልካቹ ትንሽ ያጉረመርማል፣ በሳምንቱ ይለምደዋል። ከዚህ የበለጠ ጨዋነት አላውቅም።

ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር የከበዳቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረውን "ዳይነስቲ" የተባለውን የነዳጅ ቱጃሮች ድራማ ያየ ያስታውሳል፤ ላላየ ላውጋው። የቱጃሩን ልጅ ስቲቨንን ይጫወት የነበረው አል ኮርሊ የገጸ ባሕርዩ አካሄድ አላስደሰተውምና ጥሎ ወጣ። ደራሲዎቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ስቲቨንን ባሕር ላይ ባለ የነዳጅ ማውጫ ፍንዳታ አቃጠሉት፤ ፊቱን በቀዶ ጥገና አሠሩለት፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፋሻው ሲፈታ ጃክ ኮልማን ሆኖ ተነሣ! ይሁን፣ ቢያንስ ደክመውበታል። ሕዝቡም ኮልማንን ወደደው፤ ወጡ አላረረም። ዋናው ጉድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1991 የማጠቃለያው ድራማ ሲሠራ ነው። ለኮልማን ጊዜው አልገጠመለትምና የድሮው ኮርሊ ተመልሶ መጣ። ያ የተቃጠለው ፊት! ያ ሁሉ ቀዶ ጥገና የት ገባ? የጠየቀም፣ የመለሰም የለም።

እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በሚተላለፈው "ጄኔራል ሆስፒታል" ላይ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ጄሰን የሚባለውን ሰው የሚጫወተው ስቲቭ በርተን በ2012 ለቀቀ። በ2014 ቢሊ ሚለር ተተካ፤ እዚህም ሰበቡ ያው ቀዶ ጥገና ነው። በ2017 በርተን ተመለሰ። አሁን ሁለት ጄሰን አለ፣ ምን ይዋጥ? መንትያ ናቸው ተባለ! ተመልካች ሦስት ዓመት ያለቀሰለት፣ የዳረው፣ የተጣላለት ጄሰን ለካ ጄሰን አልነበረም፤ የወንድሙን ትዝታ ጭንቅላቱ ውስጥ የከተቱበት ሌላ ሰው ነው። ተዋናይ መቀየር አንድ ነገር ነው። ወደኋላ ሄዶ ያየነውን "አላያችሁም" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የዶና ሪድ ነገር ነው። በ"ዳላስ" ድራማ የቤቱ እናት ሚስ ኤሊ ነበረች፤ ባርባራ ቤል ጌዴስ ነፍስ የዘራችባት። ቤል ጌዴስ በ1984 ስትለቅ የኦስካር ባለቤት የሆነችው ዶና ሪድ ተጠራች። ሚስ ኤሊ ለጫጉላ ሄዳ በሌላ ፊት ተመለሰች፤ ከቤተሰቡ አንድም ሰው ቅንድቡን አላነሣም። ሪድ አንድ የድራማ ዘመን ሠራች። ከዚያ ቤል ጌዴስ "እመለሳለሁ" ስትል ሪድ ውል በእጇ እያለ እንደተቃጠለ አምፖል ተነቀለች። እሷም ዝም አላለችም፤ ከሰሰች። ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍለው ታረቋት። በጥር 1986 በ64 ዓመቷ በቆሽት ካንሰር ሞተች። መጨረሻዋ ይኸው ሆነ፤ የሌላ ሰው ወንበር አሞቃ መነሣት።

እሷስ ውል ነበራት፣ ዳኛም ነበራት። የእኛ አገር ተዋንያን ውላቸውን አውጥተው ያንብቡት እስቲ። የሚተካቸው ሰው ሲመጣ ምን እንደሚከፈላቸው የሚናገር መስመር ካገኙ ዕድለኞች ናቸው። ደራሲዎቻችን ደግሞ፣ እንደምታዘበው፣ ተዋናይ ሲጠፋባቸው ከመተካት ይልቅ ገጸ ባሕርዩን ውጭ አገር መስደድ ይወዳሉ። (ተዋናዩም ብዙ ጊዜ እዚያው ስለሆነ ውሸት ነው ማለት ያስቸግራል!)

ሕዝባችን መተካትን አይችልም የሚል ካለ ካናን ይመልከት። ጣቢያው በ2008 ዓ.ም. ሲመጣ የቱርኮቹን ድራማ በአማርኛ አስወርቶ አቀረበልን። ፊቱ የኢስታንቡል፣ ጉሮሮው የአዲስ አበባ! ይህ ግማሽ መተካት አይደለም እንዴ? የጥበብ ሰዎቻችን በሌላ ምክንያት ተቆጥተው ነበር፣ እሱ ለብቻው ክርክር ነው። ተመልካቹ ግን ተታለልኩ አላለም። ምን እየተደረገለት እንደሆነ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበርና።

እንዲህ የሚያስቀባጥረኝ ከድራማው በኋላ የሚመጣው ዜና ነው። "እገሌ የእገሌ መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ" ይባላል። የነበሩትስ? ታመሙ? አጠፉ? ተጣሉ? አንዳንዴ በአምባሳደርነት ብቅ ይላሉ፣ አንዳንዴ እንደ ጭስ ይተናሉ። በ2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ብልጽግና ሆኖ ሲወጣማ የስቲቨን ነገር ተገልብጦ መጣ። እዚያ ስሙ ያው ሆኖ ፊቱ ነበር የተቀየረው። እዚህ ግን ፋሻው ሲፈታ ስሙ አዲስ፣ ፊቶቹ ግን፣ ከህወሓት በቀር፣ አብዛኞቹ የምናውቃቸው! የ27 ዓመቱ ጥፋትስ? እሱማ የመንትያው ሥራ ነው ተባልን።

የድራማ አዘጋጆች ሆይ፣ ተዋናይ ስትቀይሩ ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉልን። የወጣውንም ሰው ስም ለአንድ ሳምንት እንኳ መጨረሻው ላይ ተዉልን፤ ደህና ሁን እንበለው። የዜናዎቹን አዘጋጆች በሌላ ሳምንት እመለስባቸዋለሁ።