ለጠባብ ግቢ ሎሚ ይቅደም

በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ችግኝ ሲታደል ቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ተተከለ?» የሚለው ነው። «የት ተተከለ?» የሚለውም እኩል ሊጠየቅ ይገባል። በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ እንደ ጠመንጃ ያዥ ባሉ፣ ቤት ከቤት በተጠጋባቸው ነባር ሰፈሮች ሎሚና የፈረንጅ ጥድ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም።

የፈረንጅ ጥድ ቶሎ ያድጋል፣ ነፋስ ይከላከላል፣ እየተከረከመ አጥር ይሆናል። ካልተከረከመ ግን ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል። ጥላው የጓሮውን ጎመን ያቀጭጫል፤ ሥሩም ውኃውን ይሻማል። ለአርሶ አደሩ አጣናና ገንዘብ ስለሆነ አይናቅም፤ ቦታው ግን ከማሳ የራቀ ወሰንና ተራራ ነው።

ሎሚ ቁመቱ አነስተኛ ነው፤ ፍሬውም ከማዕድ አይጠፋም። ይሁንና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ብርዱ ዕድገቱን ያዘገየዋል። ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከውርጭ የተጠለለና ውኃ የማይተኛበት ቦታ ይመረጥለት። በፍሬው ከተዘራው ይልቅ የተዳቀለው ችግኝ ቶሎ ያፈራል። በበጋ ውኃ፣ በየዓመቱም ብስባሽ ይፈልጋል።

የወረዳ ኃላፊዎች ችግኝ ከማደላቸው በፊት የግቢውን ስፋት ይጠይቁ፤ በዓመቱም ተመልሰው የጸደቀውን ይቁጠሩ። ያለ ቦታው የተተከለ ጥድ ነገ በመጥረቢያ ይወድቃል፤ የተደከመበትም ከንቱ ይቀራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ በየጓሮው አንዳንድ ሎሚ ቢጸድቅ የሰፈር ሀብት ነው።