የመኪናው ዕዳ በእሸት ቡናው ኪሎ ላይ



ዛሬ ዋጋ አልለጥፍም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሰኝ ጥያቄ ግማሹ ስለ ቡና ሳይሆን ስለ መኪና ነው። «ከዱባይ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ማስገባት ይቻላል ወይ?» «በሞያሌ በኩል ርካሽ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?» «ከቀረጥ ነጻ የገባ በውክልና የሚሸጥ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?» ጠያቂዎቹ አቅራቢዎች፣ ላኪዎችና የማኅበር ሰዎች ናቸው። ለሁሉም በአንዴ ልመልስ፣ የራሴንም ሐሳብ ልጨምርበት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ይሄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከቱላ ተነስቶ እስከ አለታ ወንዶ በቪትዝም ይኬዳል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ በንሳ፣ ወደ ቦና፣ ወደ አርቤጎና ቀበሌዎች ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፣ እሸቱ ግን ደርሷል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ለአንድ ማጠቢያ ጣቢያ ፎርዊል መኪና እንደ ሚዛን ነው፤ የሥራ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለምክር ቤት አባላት ተናገሩ። ከዚያ በፊትም መንገዱ ጠባብ ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ 1186 ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ የቤት መኪና ላይ 100 በመቶ ጥሏል፤ ያገለገለ ሲሆን እንደ ዕድሜው እየጨመረ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ኤክሳይሱ የሚሰላው ከነጉምሩክ ቀረጡ ነው፣ ቫቱ ደግሞ ከነኤክሳይሱ፣ ሱር ታክሱም ከዚያ በላይ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየወጣ ይሄዳል። በገጠር የምናውቀው የድሮው ላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር 4.2 ሊትር ነው፤ ስቴሽኑን አስቡት።

አሜሪካ ያለው ዘመዳችሁ «እኛ ጋ እኮ አሮጌ የጃፓን ላንድክሩዘር በሕግ ይገባል» ቢላችሁ ልክ ነው። እዚያ ለሌላ ገበያ የተሠራ መኪና 25 ዓመት ከሞላው የአገሩን የደኅንነት ደረጃ አሟላ ሳይባል ይገባል። እኛ ጋ ተቃራኒው ነው፤ ባረጀ ቁጥር ይቀጣል። የእሱን ምክር ይዛችሁ ባሕር እንዳትሻገሩ።

ሞያሌን በተመለከተ፣ ኬንያ መንገዱ በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ። ለእኛ መንገድ የተሠራ አይደለም። ገበያችን ሁልጊዜ ወደ ዱባይ የሚያየው እነሱም እንደኛ በቀኝ ስለሚነዱ ነው። ቀረጥ ሳይከፈልበት በድንበር የሾለከ መኪና ደግሞ ስሙ ኮንትሮባንድ ነው፤ ይወረሳል። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ኤሌክትሪኩስ? በ2014 በተወሰነው መሠረት ተበታትኖ የሚገባው ከቀረጥ ነጻ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ነው። ለሀዋሳ ከተማ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ዕድሉ ቢኖረኝ እገዛለሁ። ግን መፈልፈያው ራሱ በጄነሬተር የሚዞርበት ጣቢያ አለ። እዚያ መኪናውን በናፍጣ ጄነሬተር ቻርጅ ልናደርግ ነው?

ቡናና መኪና በዚህ አገር የቆየ ዝምድና አላቸው። ታስታውሳላችሁ፣ ላኪው ቡናውን እዚህ ውድ ገዝቶ ውጭ በኪሳራ የሚሸጥበት ዘመን ነበር። ለምን? ዶላሩን ለማግኘት። በዶላሩ መኪና ወይም የግንባታ ዕቃ አስገብቶ ኪሳራውን ከዚያ ያወጣ ነበር። የሲዳማ ገበሬ የሚሸጠው ቡና ዋጋው ኒውዮርክ ላይ ብቻ ሳይሆን መርካቶና ቦሌ መኪና መሸጫ ላይም ይወሰን ነበር ማለት ነው። በጥቅምት 2015 አውቶሞቢልን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ መክፈት ተከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ያ ክልከላ ተነሳ፣ ላኪውም ካስገባው ዶላር 50 በመቶውን እንዲይዝ ተፈቀደለት። የናፍጣና የቤንዚን አውቶሞቢሉ ክልከላ ግን ባለበት ቀረ። ዱሮ ፈቃድ ነበር፣ ዶላር አልነበረም። አሁን ዶላር ይገኛል፣ ፈቃድ የለም።

በዚህ መሃል ሰው ምን አደረገ? ወደ ውክልና ዞረ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ የሆነ አቅራቢ መኪና ቸገረው። ለእርሻ ኢንቨስትመንት ተብሎ ከቀረጥ ነጻ የገባ ደብል ጋቢና አገኘሁለት፣ በውክልና ተሸጠ፣ ኮሚሽኔን ቆጥሬ ተቀበልኩ። ዲክላራሲዮኑን አላየሁም፤ እውነቱን ለመናገር ማየትም አልፈለግኩም። ኅዳር ላይ፣ እሸት በሚጎርፍበት ሳምንት፣ ኬላ ላይ ተያዘ። ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጡ ተከፍሎ ብቻ ነው፤ የጉምሩክ አዋጁ የሚለው ይሄንን ነው፣ ውክልና አያድንም። ሰውየው ሦስት መረከቢያ ቦታ ሳይደርስ ቀረ። ገበሬዎቹ እሸታቸውን ለሌላ ሰጡ፣ የቀረውን ጀንፈል አድርገው አደረቁት። ለላኪው የገባውን ውል ሳይሞላ ቀረ፤ ዋስ ሆኜ ያስያዝኩት ቅድሚያ ክፍያም እኔው ላይ መጣ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ የእኔም ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን በዓይኔ ሳላይ መኪና አላገናኝም።

በሕግ ቀድሞ የገባው መኪና ደግሞ ክልከላው ዋጋውን ሰቅሎታል። ሒሳቡን እንሥራው። በክልከላው ምክንያት ለአንድ ፒክአፕ 3 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ከፈልክ እንበል። በአምስት ዓመት ብትመልሰው በዓመት 600 ሺህ ነው። ጣቢያህ በዓመት 200 ሺህ ኪሎ እሸት ከተረከበ በኪሎ 3 ብር ይመጣል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ወደ ስድስት ኪሎ እሸት ስለሚፈልግ 18 ብር ማለት ነው። ይሄን ማን ይከፍላል? ላኪው የዓለም ዋጋን አይቀይርም። አቅራቢው ከኪሱ አያወጣም። ሚዛኑ ላይ ቆሞ ከእሸቱ ዋጋ የሚቀነስበት ገበሬው ነው።

መንግሥት ምክንያት የለውም አልልም። ነዳጅ የሚገዛው ቡናችን ባመጣው ዶላር ነው። በእርሻ ስም ገብቶ ቦሌ ላይ የሚንሸራሸር ቪኤይትም ሁላችንም አይተናል፤ በሩን ያዘጋነው እኛው ራሳችን ነን። ስለዚህ የምጠይቀው በሩ ይበርገድ አይደለም። ዩኒየኖችና የላኪዎች ማኅበር አንድ ላይ ሆነው ለገንዘብ ሚኒስቴርና ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ጠባብ ጥያቄ ያቅርቡ፤ የሥራ ፒክአፕ ብቻ፣ ስቴሽን የለም። ቁጥሩ በተላከው ቡና መጠን ይወሰን። ግዢው ላኪው ወይም ዩኒየኑ በያዘው የራሱ ዶላር ይሁን። ቀረጡ ሙሉ ይከፈል፣ ነጻ አንፈልግም። ሊብሬው በድርጅቱ ስም ይሁን፣ ለተወሰኑ ዓመታትም እንዳይሸጥ ይታገድ። እንዲህ ከሆነ መንግሥት ቀረጡን ያገኛል፣ የውክልና ገበያውም ይቀዘቅዛል።

እስከዚያው ግን ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። የድሮም ቢሆን ቀረጡ የተከፈለበትን ግዙ። ሊብሬውን ብቻ ሳይሆን ዲክላራሲዮኑን እዩ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አስተያዩ፣ ስም ዝውውሩ ሳያልቅ ሙሉ ክፍያ አትክፈሉ። አቅም ካነሰ ሁለት ሦስት ጣቢያዎች ተጋርታችሁ ለወቅቱ ተከራዩ። «ውክልና ይበቃል» የሚላችሁ ደላላ ካጋጠማችሁ፣ እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ እንደነበር አስታውሱ።

የተለየ ሐሳብ ያለው በኮሜንት ይጻፍልኝ፣ በተለይ የዩኒየን ሰዎች። ነገ ጠዋት የቡናና የበቆሎ ዋጋ ይዤ እመለሳለሁ። መልካም ገበያ፣ ከቱላ።