የኪርጊዝ ድሃ የተነሣው በምጽዋት ሳይሆን በብድር ነው

«ዕርዳታ» የሚለው ቃል በነጋዴ ጆሮ ብዙም አይጥምም። ስንዴ በነፃ ሲታደል የእህል ዋጋ እንደሚወድቅ፣ የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅም መኪናው ቆሞ ቢሮው እንደሚዘጋ ነጋዴው ያውቃል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ዕርዳታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለዚህ ከመካከለኛው እስያ አገሮች አንዷ የሆነችው ኪርጊዝስታን ጥሩ ማስረጃ ናት።

ኪርጊዝስታን እ.ኤ.አ. በ1991 ከሶቪየት ኅብረት ስትለይ ከሞስኮ ይመጣላት የነበረው ድጎማ ተቋረጠ፤ ፋብሪካዎቿም ገዢ አጡ። በ1995 የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። ወደ 10 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የበግ ሀብት ከ4 ሚሊዮን በታች ሆነ። የጋራ እርሻዎቹ ሲፈርሱ በጉ ደመወዝም፣ መገበያያም፣ ምግብም እየሆነ አለቀ።

መሬቱ ለገበሬው ተከፋፈለ። ነገር ግን መሬት ያለ ዘርና ያለ ነዳጅ አያበላም። ለእርሻው ያበድር የነበረው የመንግሥት ባንክ ደግሞ የማይመለስ ብድር አንቆት በ1990ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። ገበሬው መሬት ይዞ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው።

የዕርዳታው ጥቅም የታየው እዚህ ላይ ነው። በዓለም ባንክ ገንዘብ በ1996 መጨረሻ የኪርጊዝ የእርሻ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ኮርፖሬሽኑ ገንዘብ አላደለም፤ ወለድ እያሰበ አበደረ፣ አስከፈለ፣ ያስከፈለውንም መልሶ አበደረ። በ2006 አዪል ባንክ ተባለ፤ «አዪል» በአገሩ ቋንቋ መንደር ማለት ነው። ፊንካ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ በ1995 ገብቶ መያዣ ለሌላቸው፣ አብዛኞቹ ሴቶች ለሆኑ ቸርቻሪዎች በቡድን ማበደር ጀመረ። አንዷ መክፈል ሲያቅታት የቡድኑ አባላት ይከፍሉላታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል ይህ ነው። ፊንካም በ2015 በአገሪቱ ሙሉ ባንክ ሆነ። በ2000 በውጭ ለጋሾች ድጋፍ የተቋቋመው ባይ ቱሹምም በ2012 የባንክ ፈቃድ አግኝቷል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ በእነዚህ ተቋማት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ገንዘቡ አብሮ አለማለቁ ነው። አንዱ ገበሬ ለዘር ወስዶ የመለሰው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላው በግ መግዣ ይሆናል።

ያም ሆኖ ብድር ብቻውን ማንንም አያበለጽግም። ዕቃው የሚሸጥበት ገበያ ከሌለ ብድር ዕዳ ብቻ ነው። ኪርጊዝስታን ከቀድሞዎቹ የሶቪየት ሪፐብሊኮች ቀድማ በ1998 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። በዋና ከተማዋ በቢሽኬክ ዳር ያለው የዶርዶይ ገበያም አደገ። በዚያ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደርቦ የታችኛው ሱቅ፣ የላይኛው መጋዘን ይሆናል። ከቻይና የገባው ልብስና ጫማ በጅምላ ወደ ካዛክስታን፣ ወደ ሩሲያና ወደ ኡዝቤኪስታን ይሸጥ ነበር። ከአበዳሪው የወጣው ገንዘብ ሸቀጥ ሆኖ ሊሽከረከር የቻለው እንዲህ ያለ ገበያ ስለነበረ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር ሰምሯል ማለት አይደለም። የአነስተኛ ብድር ወለድ በመቶ ከ30 በላይ የሆነበት ጊዜ ነበር። ከአንዱ ተበድረው ለሌላው የሚከፍሉ ሰዎች በረከቱ፤ ተበዳሪዎች አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ መንግሥትም በ2013 አራጣን የሚገድብ ሕግ አወጣ። ድሃን ከድህነት ለማውጣት የመጣ አበዳሪ ድሃውን መልሶ ሊያሰጥመው እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው።

ሌላም እውነት አለ። የድህነቱን መቀነስ በሙሉ ለለጋሾች ማስመዝገብ ስሕተት ነው። በ2018 ከውጭ፣ በተለይም ከሩሲያ፣ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው የላኩት ገንዘብ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ሲሶ ገደማ ይሆናል። በነፃነቱ የመጀመሪያ ዓመታት ከግማሽ በላይ የሆነው ሕዝብ ድሃ ነበር፤ በ2019 የድሆቹ ቁጥር በመቶ 20.1 ደርሶ ነበር። ኮሮና መጥቶ ድንበር ሲዘጋና የምግብ ዋጋ ሲንር ግን በ2021 ወደ 33.3 ተመለሰ። በብዙ ዓመት ከተገኘው ውጤት ከፊሉ በሁለት ዓመት ተናደ።

ስለዚህ አንድን የዕርዳታ ፕሮጀክት ለመመዘን የተሰጠውን ዶላር መቁጠር አይበቃም። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ለጋሹ ሲሄድ ገንዘቡ በማን እጅ ይቀራል? ተበዳሪው ሸጦ የሚከፍልበት ገበያ አለ ወይ? ወለዱስ ከትርፉ ያነሰ ነው ወይ? የሰው ወርቅ አያደምቅም። የኪርጊዝ ገበሬና ቸርቻሪ በተበደሩት ገንዘብ ሊደምቁ የቻሉት ሠርተው ሲመልሱትና ትርፉ የራሳቸው ሲሆን ነው።