ስለ ጤና መድንና በስልክ ስለሚመጣ ጥሪ

ድሬዳዋ በባቡር ሐዲድ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ እንደ መሆኗ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ተሰባስቦ የሚኖርባት ናት። በቅርብ ዘመን ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኳ፣ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ነፃ የንግድ ቀጠና የተባለው ሥፍራ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ወደ ራሱ ስቧል። እነዚህ ልጆች ወላጆቻቸውን የሚጠይቁትም ወሬ የሚሰሙትም በእጅ ስልካቸው ነው። ስለዚህ የጤና መድን ምዝገባ ወራት ሲደርስ ጥሪውን በፌስቡክና በቴሌግራም ማሰማት የሚገባ ሥራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ጥሪውን የሚያነበው ሰውና ሊመዘገብ የሚገባው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አለመሆናቸው ሊታሰብበት ይገባል እንላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ለገበሬውና በግል ሥራው ለሚተዳደረው፣ የወር ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። የሚመዘገበውም ነጠላ ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ለደመወዝተኛው ግን በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቶለት ነበር፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲያዋጡ ታስቦ ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት ሳይሠራበት ቆይቷል።

እንግዲህ በፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ ማታ ከሥራ ገብታ «ፈጥነው ይመዝገቡ» የሚለውን ቃል በስልኳ ብታነብ ምን ታደርጋለች? ወይ ወደ ቀበሌ ሄዳ «አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ፣ ይህ ያንቺ አይደለም» ተብላ ትመለሳለች፤ ወይም እኔን አይመለከተኝም ብላ ታልፈዋለች። የሚጎዳው ሁለተኛው ነው። በቀርሳ ወይም በደደር፣ በመታም ቢሆን፣ መሬት ቆፍረው የሚያድሩት እናትና አባቷ ጥሪው የተጻፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ግን ያ ስልክ የላቸውም። ጥሪውን የሚጽፉት ሰዎች «ይመዝገቡ» ከማለት ይልቅ «እናትና አባትሽ ተመዝግበዋልን? የምዝገባው ወራት ሳያልፍ ጠይቂያቸው» ቢሉ፣ ልጅቱ ደመወዝ በተቀበለች ቀን ወደ አገር ቤት ከምትልከው ገንዘብ ላይ የመዋጮውን ታስብ ነበር።

ሕዝባችን ለኀዘን ቀን መደራጀትን ጥንቱንም ያውቅበታል። ዕድርተኛ በየወሩ ሲያዋጣ፣ ዘንድሮ ማንም አልሞተብኝምና አልከፍልም አይልም። የመድኑም ሥራ ይህንኑ ይመስላል፤ ልዩነቱ ገንዘቡ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለሕክምናው መድረሱ ነው። ሰው ሁሉ በታመመ ጊዜ ብቻ የሚመዘገብ ቢሆን ሣጥኑ በአንድ ክረምት ይራቆታል፤ ለምዝገባው ወራት የተወሰነለትም ስለዚህ ነው። የድሬዳዋ ሰው ደግሞ ሕመም ሳይታሰብ እንደሚመጣ ይመሰክራል። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ ገብተውበታል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከእስያ የመጣችው፣ ውኃ በሚጠራቀምበት ዕቃ ሁሉ የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በከተማው ወባን አዛምታለች።

እንዲህ ስንል ጸሎትንና ስለትን ማቃለላችን አይደለም። ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጓዘው ምእመን ብዙው ስለ ጤንነት ተስሎ የሚሄድ ነው፤ መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል።

በስልክ ብቻ መታመንም አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተገድበው እንደ ነበር አንባብያን አይዘነጉትም። ስለዚህ ያው ቃል ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት፣ በሰንበቴው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው በሚያዋጡበት በሰፈሩ ዕድርም ቢነገር መልካም ነው። በማይታወቅ ስም «የመድን ገንዘብ ላኩ» የሚል መልእክት የደረሰው ሰውም ቀበሌውን ወይም ጤና ጣቢያውን ሳይጠይቅ አንድ ሳንቲም አይላክ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ጥሪዎቹ የሚገኘውን ጥቅም ብቻ እያበዙ መናገራቸው ነው። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምናም በመድኑ አይሸፈኑም። ሕክምናውም የሚጀመረው በጤና ጣቢያ ነው፤ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው ሐኪሙ በጻፈው መሸጋገሪያ ነው። ይህን ሳትሰሙ የከፈላችሁ እናት ለመነጽር ሄደው ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ፣ በሚመጣው ዓመት መዋጮውን የሚያስቀሩት እርሳቸው ብቻ አይሆኑም፤ ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ይከተሏቸዋል። «ከፍለን ሳለን መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ ተባልን» የሚለው አቤቱታም በብዙ ወረዳ የተሰማ ነው። ይህ አቤቱታ ከጥሪው ሥር ተጽፎ ሲገኝ የሚደመሰስ ከሆነ፣ ያነበበው ሰው ሁሉ እውነት መሆኑን በዚያው ይረዳል። በዚያው ቦታ «በየትኛው ጤና ጣቢያ? በምን ቀን?» ብሎ የሚጠይቅና መልስ ይዞ የሚመለስ አንድ ሠራተኛ ቢመደብ፣ ከብዙ የተዋበ ሥዕል ይልቅ እርሱ ያስመዘግባል።

ጥሪው በአማርኛ ብቻ መጻፉም አይበቃም። በድሬዳዋ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚነገርበት ቤት ብዙ ነው፤ የቀርሳዋ እናትም የሚሰሙት በኦሮምኛ ነው። በየቋንቋው በድምፅ ተቀርጾ ቢላክ፣ ማንበብ ያልተማሩት እናት ልጃቸው ለበዓል በመጣች ጊዜ ከስልኳ ላይ ይሰሙታል፤ ያልገባቸውንም እዚያው ይጠይቋታል።