የድውያን ማደሪያና የክልሎች ወሰን

ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድ ለገጣፎን አልፎ በካራ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይገባል፤ በዚህም መንገድ፣ ከእንጦጦ ማርያምና ከኪዳነ ምሕረት ጠበል ፈውስ ሽተው የሚመጡ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ወገኖቻችን ከሃያ ዓመት በላይ ሲመላለሱ ኖረዋል። ለአንድ ሱባኤ ብለው ስንቃቸውን ቋጥረው ከወጡት መካከል፣ ሱባኤው ሱባኤን እየወለደ፣ በጭቃ ቤት ኪራይ ተዳብለው በተራራው ሥር የቀሩት ብዙዎች ናቸው። ወደ ሀገራቸው እንዳይመለሱ ሐፍረቱና ሐሜቱ ይከለክላቸዋል፤ ከተማው ደግሞ ነዋሪዎቼ ናችሁ ብሎ አልተቀበላቸውም።

ቀድሞ የነበረው ክርክር የጠበልና የመድኃኒት ክርክር ነበር። ጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል በጀመረ ጊዜ፣ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ጠበልተኞች ነበሩ፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱም ሌላውን እንደማይሽር በገለጹ ጊዜ ግን የብዙ ሰው ኅሊና ዐረፈ። የቀረው የማደሪያ ነገር ነው። ይህም ከምቾት የሚቆጠር አይደለም፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ፣ በየዕለቱ በሰዓቱ የሚወሰድ ስለሆነ፣ ዛሬ በደጀ ሰላም ነገ በላምበረት መናኸሪያ የሚያድር ሰው፣ ወይም አከራዩ ሕመሙን ባወቀበት ዕለት ዕቃው ከደጅ የሚጣልበት ሰው፣ ክኒኑን ለማቋረጥ ይገደዳል፤ ባቋረጠም ቍጥር ተሕዋሱ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው መጻጉዕ የጎደለው ውኃው አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነበር እንጂ።

በጤና ጣቢያዎቻችን አንድ እጅግ የሚያስመሰግን ሥርዐት አለ። ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ የመጣ ታካሚ የዝውውር ደብዳቤውን ይዞ ሲቀርብ፣ የካ ያለው ጤና ጣቢያ የሌላ ክልል ሰው ነህ ብሎ አይመልሰውም፤ በመዝገቡ አስፍሮ መድኃኒቱን ካቆመበት ይቀጥልለታል። መድኃኒቱ ሰውየውን ተከትሎ ወሰን ሲሻገር፣ ለማደሪያውና ለእንጀራው ሊሆን የሚገባው ገንዘብ ግን ከወሰኑ ላይ ይቆማል። የቀበሌ ቤትም የከተማ ሴፍቲኔትም በአመዛኙ የሚታደሉት መታወቂያ ላለው ነዋሪ ነው፤ የተነሣበት ክልልም ለወጣ ሰው በጀት አይዝም። ካራን ጥቂት አልፎ ያለው ለገጣፎ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ ግዛት ስለሆነ፣ ኪራይ ረከሰልኝ ብሎ ወደ ማዶ የተሻገረ ድውይ ጠበሉ በአንድ መስተዳድር፣ ማደሪያው በሌላ መስተዳድር ይሆንበታል፤ ሁለቱም በየሕጋቸው ትክክል ሆነው ሳለ እርሱ በመካከላቸው ሜዳ ላይ ይቀራል።

የባዕድ ገንዘብ ሳለ ጉድለቱ በከፊል ተሸፍኖ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አግዶ፣ የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል ለማቋረጥ በተገደደ ጊዜ፣ የመሠረቱ መሳሳት ለሁሉ ተገለጠ። ይህችው አሜሪካ ለገዛ ዜጎቿ እ.ኤ.አ. በ1990 የደነገገችው የኤድስ ሕሙማን የቤት ሕግ ግን ልንማርበት የሚገባ ነው፤ በዚያ ሕግ ገንዘቡ የሚሰጠው ለታላቁ ከተማ ሆኖ፣ የሚያገለግለው ከከተማው ወሰን ውጭ በዙሪያው ያሉትን አውራጃዎች ጭምር ነው። ክፍፍሉ ለረጅም ዘመን የሞቱትን ሕሙማን ሳይቀር እየቈጠረ ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በሕይወት ያሉትን ብቻ እንዲቈጥር፣ የኪራይ ዋጋንና ድህነትንም እንዲመዝን ተሻሽሏል።

ቤት ከተሰጠ ሌላው ሕመምተኛ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋል የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ ነገር ግን የዘነበወርቅን ሰፈር ይመልከቱ። ወደ ሰፈሩ ሆስፒታል፣ በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ማእከሉ አለርት ወደ ተመሠረተበት ስፍራ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡት ቤት ተዘጋጅቶላቸው አልነበረም፤ ፈውስ ፍለጋ መጡ፣ የሚመለሱበትም ስላልነበራቸው በዚያው ሰፈሩ። ቤት መንፈጉ መምጣታቸውን አልከለከለም፤ ያተረፈው ልመናን ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባ፣ ኦሮሚያና አማራ፣ የትግራይና የሌሎቹም ክልሎች ጤና ቢሮዎች ሳይቀሩ፣ በጤና ሚኒስቴር ሰብሳቢነት አንድ የጋራ የማደሪያ ሣጥን ቢያቆሙ፣ እያንዳንዱም በዝውውር ደብዳቤ ከእርሱ በወጡ ሰዎች መጠን ቢያዋጣ፣ ገንዘቡም ሰውየው ወደሚያድርበት ወረዳ ቢሄድ፣ አዲስ ሥርዐት መፍጠር አያሻም፤ መዝገቡ አስቀድሞ አለና። ኪራዩ የሕመሙ ስም ሳይነሣ እንደማንኛውም የድኻ ርዳታ ይከፈል፤ የሕሙማን ቤት ተብሎ የሚለይ ግቢ እንዳይሠራም እለምናለሁ፣ መለየቱ ሁለተኛ ደዌ ነውና። መታወቂያ ለሌለው የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ወይም የሰፈሩ እድር ምስክር ይሁን። በዝውውር ደብዳቤው ላይም የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ከሚጻፍበት ቀጥሎ፣ ማደሪያ አለው ወይስ የለውም የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ የለውም ከተባለም ተቀባዩ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን በሰጠበት ቀን ለወረዳው ያሳውቅ።

ዘካራ