ድንጋዩ በደጃችን ሲያልፍ

በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የዚሁ የከተማችን የሐዋሳው ታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ የሠራው፣ ጆሮው የተሸረፈ የሻይ ስኒ ነው፤ ሁለተኛው ከሻኪሶ መልስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ወዳጄ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልኝ፣ ነጣ ብሎ አረንጓዴነት የሚቃጣው፣ እንደ ፍልጥ እየተሰነጠቀ የሚወጣና ለመጠኑ የሚከብድ ድንጋይ ነው። ሊቃውንተ ማዕድን ስፖዱመን ይሉታል፤ ዘመኑ ለባትሪ አብዝቶ የሚሻው ሊቲየም በማኅፀኑ ተሰውሮ ይኖራል።

ስኒውና ድንጋዩ እርስ በርሳቸው ባዳ አይደሉም። ከአዶላ አውራጃ ካኦሊን፣ ከቀንጢቻ ፌልድስፓር እየመጣ በሐዋሳ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ በእሳት ተፈትኖ ሳህንና ስኒ ሲሆን ያየን ሰዎች፣ የደቡቡ ድንጋይ በደጃችን ሳይቆም እንዲያልፍ የግድ የተጻፈብን ዕጣ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ቀንጢቻ በጉጂ ዞን በሻኪሶ አቅራቢያ ያለ ስፍራ ነው። በደርግ ዘመን የሶቪየት ጂኦሎጂስቶች ከእኛ ባለሙያዎች ጋር መርምረውት፣ ከ1980ዎቹ መባቻ ጀምሮ ታንታላይት የተባለው ማዕድን እየተለየ ወደ ውጭ ሲላክ፣ ስፖዱመኑ ግን አሳላፊ እንዳላየው እንግዳ ከዳስ ውጭ ቆሞ ቀርቶ ነበር፤ ኋላም የኦሮሚያ ማዕድን አክሲዮን ማኅበርና የአውስትራሊያው አቢሲኒያን ሜታልስ ተሻርከው የጠሩት ያን የተረሳውን እንግዳ ነው። መንግሥትም በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ አሞራ ገደል ያለ ድምፅ የሚንሸራተቱት መኪኖች በዝተዋል፤ ባትሪያቸው ግን አብዛኛው ከቻይና ተገጥሞ የሚመጣ ነው።

በድንጋዩና በባትሪው መካከል ያለው ጎዳና የቆፋሪ ሳይሆን የቀማሚ ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ ከኳርትዙና ከፌልድስፓሩ ከተለየ በኋላ በ1050 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ ጠባዩ ይለወጣል፤ በሰልፈሪክ አሲድ ተለውሶ በ250 ዲግሪ ገደማ ዳግመኛ ይጠበሳል፤ በውኃ ይታጠባል፤ ብረቱና አሉሚኒየሙ ይወገዳል፤ በፍጻሜውም ሶዳ አሽ ሲጨመርበት ሊቲየሙ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ስምንት ቶን ያህል የተለየ ስፖዱመን የሚሰጠው አንድ ቶን ሊቲየም ካርቦኔት ብቻ ነውና፣ ባሕር በር የሌለው አገር ስምንቱን ቶን ጭኖ እስከ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ለሰባቱ የሚከፍለው ኪራይ ለጥራጊ የሚከፈል መባ ነው።

የሚያስቆጨውም ቅመሙ ከእኛ የራቀ አለመሆኑ ነው። አዋሽ መልካሳ ሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራ ፋብሪካ አለ፤ ሶዳ አሹም ከሐዋሳ ወደ ሰሜን ሻሸመኔን አልፈን ከምናገኘው ከአብያታ ሐይቅ ሲወጣ ኖሯል። ሆኖም አብያታን በቅርብ ያየ ሰው አፉን ሞልቶ አይናገርም። ውኃው ለሶዳው እየተሳበ፣ ከዝዋይ በቡልቡላ የሚወርድለትም ወንዝ ለመስኖ እየተቀነሰበት፣ ሐይቁ ከጥንት ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል፤ ፍላሚንጎ ይሰፍርበት የነበረው ጥግ ዛሬ እግር የሚያሰምጥ ነጭ ጭቃ ነው። በዚያው በጉጂ ምድርም፣ ነዋሪው የለገ ደንቢ የወርቅ ማውጫ ጤናውን እንደ ጎዳው ጮኾ፣ ፈቃዱ በግንቦት 2010 ዓ.ም. መታገዱን አንዘነጋም። ስለዚህ የእኔ አሳብ፣ የማዕድን ውሉ ሲጻፍ የአሲዱ፣ የሶዳውና የእጣቢው ውኃ ነገር ከቁፋሮው ቀድሞ ይጻፍ የሚል ነው፤ ሶዳውም ከአብያታ ሳይሆን፣ ውድ ቢሆን እንኳ፣ ከሌላ ይምጣ።

ዚምባብዌ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ጥሬ የሊቲየም ድንጋይ እንዳይወጣ ከልክላለች፤ እኔም ይህን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ክልከላ ብቻውን እቶን አያነድድም። በቻይና ገበያ የአንድ ቶን ሊቲየም ካርቦኔት ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ወደ 80 ሺህ ዶላር ደርሶ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወደ 10 ሺህ ገደማ ወርዷል። ድንጋዩን እንደ ልቧ የምታወጣው አውስትራሊያም በከመርተን የተተከለው ማጣሪያ ሥራውን ሲቀንስ አይታለች። እንዲህ በሚዋዥቅ ገበያ ላይ ባትሪ ፋብሪካ እንተክላለን ብሎ ማወጅ ቅዳሴውን ከመጨረሻው መጀመር ይመስለኛል፤ መቅደም ያለበት አሲዱ ነው።

ያን ሹፌር ወዳጄን ሻይ ጋብዤ ይህንኑ ስተርክለት፣ «ጋሼ፣ ለአንዲት መኪና ስንት ኩንታል ድንጋይ ይበቃታል?» ሲል ጠየቀኝ። ከሌላው ኮተት የተለየ ከሆነ ሦስት ኩንታል ገደማ፤ የአንተ ተሳቢ አራት መቶ ኩንታል ቢጭን ለመቶ ሠላሳ መኪና ይሆናል አልኩት። ጥቂት አሰበና ስኒውን አስቀምጦ ሳቀ። «እኔ የሚከፈለኝ በኩንታል ነው፤ ሰባቱን እጅ ጥራጊ እዚህ ካስቀራችሁት ለእኔ ምን ተረፈኝ?»

ዘሐዋሳ